የቢላዋ ታሪክና የድስት ታሪክ፤ ከጋይንት እስከ እስቴ

አዲስ አበባ ውስጥ ሥጋ ቤት የገባ ሰው አስቀድሞ የሚቀርብለት ጥያቄ ስንት ኪሎ እንደሚፈልግ አይደለም። «ለምን የሚሆን ልስጥህ?» ይለዋል ባለ ቢላዋው። ለጥሬ፣ ለክትፎ፣ ለጥብስ ወይስ ለወጥ? በዚህች አጭር ጥያቄ ውስጥ የብዙ ዘመን ዕውቀት ተጠቅልሎ ይገኛል። በሬው አንድ ነው፤ ሥጋው ግን አንድ አይደለም። ሽንጡና ጭቅናው ባንድ አፍታ ጥብስ ይሆናሉ። ዳቢቱ፣ ፍሪንባው፣ አንገቱና ቅልጥሙ ግን ሰዓታት ይጠይቃሉ። ይሁንና ገዢው ሁሉ ዓይኑን የሚጥለው ሽንጡና ጭቅናው ላይ ነው። «የወጥ ሥጋ» የሚባለው በመጨረሻ የሚነሣ፣ ስሙም ዝቅ ተደርጎ የሚጠራ ነው።

ይህ ንቀት ትናንት የመጣ አይደለም። አገራችንን ጎብኝተው የጻፉት ተጓዦችም ሆኑ የቤተ መንግሥቱ ጸሐፊዎች ሥጋን ባነሡ ቁጥር የሚነግሩን ስለ ቢላዋው ነው። ስንት ታረደ፣ ማን ቆረጠ፣ ለማን ቀረበ። እሳቱ ዳር ተቀምጣ ጠንካራውን ሥጋ በትዕግሥት ስላለሰለሰችው ሴት ግን ብዙም አልጻፉም። እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ ከደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ክፍል፣ ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ ተነሥተን ያንን የተዘለለ የድስት ታሪክ እንፈልጋለን።

የተጻፈው ቢላዋ

በ17ኛው መቶ ዓመት፣ ከ1625 እስከ 1634 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ የቆየው ፖርቱጋላዊ ኢየሱሳዊ ጀሮኒሞ ሎቦ የግብዣን ነገር ሲያወሳ፣ ለእንግዳ ክብር በሬ ታርዶ ሥጋው በጥሬው እንደሚቀርብ፣ የበሬው ሐሞትም እንደ ማጣፈጫ እንደሚያገለግል ጽፏል። ይህን ጽሑፍ ከፈረንሳይኛው ወደ እንግሊዝኛ መልሶ በ1735 እ.ኤ.አ. ያሳተመው በኋላ በመዝገበ ቃላቱ ስሙ የገነነው ሳሙኤል ጆንሰን ነው። ከዚያም ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ መጣ። በ1769 እ.ኤ.አ. ምጽዋ ገብቶ በተከታዩ ዓመት ጎንደር ደረሰ። በ1790 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ባለ አምስት ቅጽ መጽሐፉ ውስጥ ወታደሮች ከቁም ላም ላይ ሥጋ ቆርጠው፣ ቆዳዋን መልሰው ሰፍተው ሲነዷት አየሁ አለ። ለንደን አላመነችውም፤ ተሳለቀችበት። የኋለኞቹ ተጓዦች «ዋሸ» እና «አልዋሸም» እየተባባሉ ብዙ ጻፉ። ከዚህ ሁሉ ክርክር በአውሮጳ አንባቢ አእምሮ የቀረው አንድ ነገር ነው፤ ኢትዮጵያ የጥሬ ሥጋ አገር ናት የሚል።

ልብ እንበል፤ እነዚህ ሰዎች የት ነበሩ? ከመኳንንቱ ጋር ግብር ተቀመጡ፤ ከወታደሩ ጋር ዘመቱ። ጓዳ ግን አልገቡም። የተመለከቱት የበዓሉንና የዘመቻውን ገበታ እንጂ ገበሬው ቤት በጉልቻ ላይ ተጥዶ የሚያድረውን ድስት አልነበረም። ስለ ጥሬ ሥጋ አመጣጥ ሕዝቡ የሚያወራውም ይህንኑ ያጠናክራል። ወታደር ጭስ ቢያይበት ጠላት ያለበትን ስለሚያውቅ፣ እሳት ሳይነድ ሥጋውን በጥሬው በላ፤ ልማዱም በዚያው ቀረ ይባላል። ታሪኩ እውነትም ይሁን ተረት፣ የያዘው ፍሬ ነገር ግን የሚያስኬድ ነው። ጥሬ ሥጋ የቸኮለ ሰው ምግብ ነው። ድስት ግን ተቀምጦ የሚጠብቅ ሰው ይፈልጋል።

በቤተ መንግሥቱ በኩል ደግሞ ሥጋ የማዕረግ ቋንቋ ነበር። በመካከለኛው ዘመን የንጉሡን ግብር ደንብ የሚዘረዝረው «ሥርዓተ ግብር» የተባለው ጽሑፍ እንጀራውን፣ ወጡንና መጠጡን በየዓይነቱና በየመጠኑ ያሰፈረ ነው። በኋለኛው ዘመን ግብርም መኳንንቱ በልተው ሲነሡ ተከታዩ ማዕረግ ይገባል፤ እሱ ሲነሣ ደግሞ ሌላው። ይህ የማዕረግ ነገር እስከ ዛሬ በዶሮ ወጣችን ላይ አለ። ዶሮ በ12 ብልት ትወጣለች፤ ፈረሰኛው ለአባወራው ወይም ለተከበረ እንግዳ ይወጣል። ማን ምን በላ የሚለው ማን ማን ነው የሚለውን ይናገር ነበር።

ከሰሜንና በጌምድር ወገን የተገኙት፣ ኋላ እቴጌ የተባሉት ጣይቱ ብጡል በ1887 እ.ኤ.አ. ለእንጦጦ ማርያም ቅዳሴ ቤት ያደረጉት የአምስት ቀን ግብዣ ከ5000 በላይ ከብት፣ በግና ፍየል የታረደበት ነው። የምኒልክን ዜና መዋዕል የጻፉት ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ድግሱን ካወሱት መካከል ናቸው። አሜሪካዊው የታሪክ ምሁር ጄምስ ማካን በ2009 እ.ኤ.አ. ባወጣው የአፍሪካ ምግብ ታሪክ ውስጥ ይህን ግብዣ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ምግብ የተወለደበት ቀን ያህል ከፍ አድርጎ ይመለከተዋል። ጣይቱ ከየአገሩ የመጣውን ወጥ ባንድ አዳራሽ አገናኙት ማለቱ ነው። የታረደውን ቁጥር ዛሬም እንጠቅሳለን። ያን ሁሉ ድስት ሌት ተቀን ያማሰሉት ሴቶች ስም ግን በአፋችን የለም።

የገበሬው በሬ

አሁን ከአዳራሹ ወጥተን ወደ ጋይንት እንሂድ። ከደብረ ታቦር ወደ ምሥራቅ ሲጓዙ ከ4000 ሜትር በላይ ከፍ የሚለውን የጉናን ተራራ በስተደቡብ ትተው ወደ ላይ ጋይንት ይገባሉ። ከተማዋ ነፋስ መውጫ ስሟ ራሱ አየሯን ይናገራል፤ ከፍታዋ 3000 ሜትር አካባቢ ነው። በስተደቡብ ታች ጋይንት አለ፤ ከዚያም ወዲያ ስማዳ እስከ ዓባይና በሽሎ ሸለቆ ድረስ ቁልቁል ይወርዳል። በጉና ደቡብ እስቴ ይገኛል፤ ዋና ከተማው መካነ ኢየሱስ ነው። ደጋው የገብስና የበግ፣ ቆላው የማሽላና የፍየል አገር ነው። በጌምድር የሚለውን ስም ሕዝቡ «የበግ ምድር» ብሎ የሚፈታው ያለ ነገር አይደለም።

በዚህ አገር በሬ ለሥጋ አይረባም። በሬ እርሻ ነው። አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ ከጎረቤቱ ጋር በመቀናጆ አጣምሮ ያርሳል፤ ሁለቱንም ያጣ ደግሞ መሬቱን ለሌላ ሰጥቶ እኩሌታ ወይም ሲሶ ይጠብቃል። ስለዚህ በሬ የሚታረደው ዕድሜውን በሙሉ ቀንበር ተሸክሞ፣ አንገቱ ደንድኖ፣ ሲደክም ነው። ጥቂት ወራት አርፎ፣ ጭድና አተላ ቀምሶ፣ ለፋሲካ ወይም ለመስቀል ይቀርባል። ከከተማው ሰው በተለየ መልኩ የጋይንት ገበሬ የሚያውቀው ሥጋ ያረጀ በሬ ሥጋ ነው። እንዲህ ያለውን ሥጋ ጥርስ ብቻውን አይችለውም። ድስቱ የምርጫ ጉዳይ አልነበረም ማለት ነው።

ያም ቢሆን በሬው ተርፎ ሲገኝ ነው። ጋይንት ከበጌምድር ወደ ወሎ የሚያሻግር መንገድ ላይ የተቀመጠ አገር ነው፤ መንገድ ዳር ያለ ገበሬ ደግሞ የሠራዊትን ጉሮሮ ያውቃል። አፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም ጋፋት ላይ ያስቀረጹትን ሴባስቶፖልን በሰው ጉልበት እያስጎተቱ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲጓዙ በጋይንትና በጨጨሆ በኩል መንገድ እየጠረጉ ነው ያለፉት። ሠራዊት የሚበላው ከገበሬው ጎተራና በረት ነው። በ2013 ዓ.ም ክረምትም ጦርነት በዚያው መንገድ መጥቶ ነፋስ መውጫን ረግጧል።

ከሠራዊት የከፋው ግን የ1880ዎቹ መጀመሪያ ክፉ ቀን ነበር። ጣሊያኖች በ1887 እ.ኤ.አ. ገደማ ወደ ምጽዋ ባስገቧቸው ከብቶች ሳቢያ የገባው የከብት ደስታ በሽታ በጥቂት ጊዜ ውስጥ አገሩን አዳርሶ ከከብቱ ዘጠና በመቶ ያህሉን እንደ ፈጀ ይገመታል። በሬ ሲያልቅ እርሻ ቆመ፤ እርሻ ሲቆም ሰው አለቀ። በሬ መጀመሪያ ሥጋ ሳይሆን እህል መሆኑን አገር ያወቀው ያን ጊዜ ነው። ይህ በሽታ ከምድረ ገጽ መጥፋቱ በይፋ የታወጀው ገና በ2011 እ.ኤ.አ. ነው። የ1977ቱ ድርቅም ጋይንትንና ስማዳን በብርቱ ጎድቷል። በእንዲህ ያለ አገር ከታረደ በሬ ላይ የሚጣል ነገር የለም። ጅማቱም፣ አጥንቱም፣ ሰኮናው ሳይቀር ዋጋ አለው።

ቅርጫ፤ የእኩልነት ቢላዋ

የግብሩ ቢላዋ በማዕረግ ይቆርጥ ነበር ብለናል። የገበሬው ቢላዋ ግን ሌላ ሕግ አለው፤ ቅርጫ ይባላል። ጎረቤቶች ገንዘብ አዋጥተው በሬ ይገዛሉ። በቅጠል ላይ ታርዶ ይበለታል፤ ከዚያም ባለ ድርሻዎቹ ቁጥር ልክ መደብ መደብ ተደርጎ ይደለደላል። የቅርጫ ጥበብ እዚህ ላይ ነው። ከእያንዳንዱ ብልት ለእያንዳንዱ መደብ ይደርሳል። ከሽንጡም ትንሽ፣ ከጎድኑም ትንሽ፣ ከሻኛውም ትንሽ፣ ከጉበቱም፣ ከጨጓራውም፣ ከአጥንቱም። ዓይን የማያምነው መደብ ካለ ከአንዱ ተነሥቶ ለሌላው ይጨመራል። በመጨረሻ ዕጣ ይጣላል። እያንዳንዱ የራሱን ምልክት፣ ስንጥር ወይም ጠጠር ወይም ቅጠል ያወጣል፤ የማን እንደሆነ የማያውቅ ሰው ወይም ልጅ በየመደቡ ላይ ያኖራል። ከዚያ በኋላ ማጉረምረም ነውር ነው።

ከዚህ አንድ ትልቅ ነገር ይከተላል። ቅርጫ የደረሳት ሴት ወይዘሮ ለስላሳውን ብቻ መርጣ መውሰድ አትችልም። እጇ የሚገባው ባንድ ቁና ሙሉው በሬ ነው። ስለዚህ ብልቱን ሁሉ ማወቅ ግዴታዋ ነው። ለስላሳው ቀይ ሥጋ ለባልና ለእንግዳ በጥሬው ወይም በጥብስ ዕለቱን ያልቃል። ጎድኑ ይዘለዘላል። ጨጓራውና ጉበቱ ዱለት ይሆናሉ፤ እነዚህ ቀን አይሰጡም። ተርፎ የሚውለው በቀጭኑ ተዘልዝሎ፣ ጨውና በርበሬ ተነክሮ በጠፍር ላይ ይሰቀልና ቋንጣ ይሆናል። ዳቢቱ፣ አንገቱና ፍሪንባው ለቀይ ወጥ፣ ቅልጥሙና አጥንቱ ለቅቅል ይቀመጣሉ። መምህር ሳይኖራት፣ መጽሐፍ ሳይኖራት፣ እያንዳንዱ ብልት የሚፈልገውን እሳት ታውቀዋለች። የቅርጫው ፍትሕ የሚፈጸመው ሜዳው ላይ ዕጣው በወጣ ጊዜ አይደለም። ጠንካራው ሥጋ እንደ ለስላሳው ሊበላ በቻለበት በጓዳዋ ውስጥ ነው።

የተዳፈነው እሳት

ሳይንሱ የሚለውም ይህንኑ ነው። በሬ አብዝቶ የሚሠራበት ጡንቻ፣ ማለትም እግሩ፣ አንገቱና ትከሻው፣ ኮላጅን በሚባል ጠንካራ ጅማት የታሰረ ነው። ጭቅናው ግን ጀርባ ሥር ተኝቶ ስለሚኖር ብዙ ጅማት የለውም። በሬው ባረጀ ቁጥር ኮላጅኑ እየጠነከረ ይሄዳል። ይህ ጅማት በብርቱ እሳት ቶሎ አይፈታም። ውኃው ሲንተገተግ የሥጋው ጭረት ይሰበሰብና እርጥበቱን ይተፋል፤ ሥጋው እየበሰለ ይደርቃል። በለዘብተኛ ሙቀት፣ ከ70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከፍ ብሎ ከመንተግተግ በታች፣ ለሰዓታት ቢቆይ ግን ኮላጅኑ ቀስ በቀስ ወደ ጄላቲን ይለወጣል። መረቁ ይወፍራል፤ ሥጋው ከአጥንቱ ይለቃል። ያገራችን ሰው «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ያለው ለዚህም ይሠራል።

ከፍታውም ድርሻ አለው። ውኃ ባሕር ዳርቻ ላይ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ ወደ ላይ በየ300 ሜትሩ ግን አንድ ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። አዲስ አበባ ላይ 92 ዲግሪ ገደማ፣ ነፋስ መውጫ ላይ 90 ገደማ ይሆናል። ስለዚህ የጋይንት ድስት ምንም ያህል ማገዶ ቢማገድበት ውኃው ከዚያ በላይ አይሞቅም። ባቄላውም ሥጋውም ከስማዳ ቆላ ይልቅ በጋይንት ደጋ ዘግይቶ የሚበስለው ለዚህ ነው። ደጋው ራሱ ትዕግሥትን ያስተምራል።

የእሳቱ ጥበብ ደግሞ በኩበት ላይ ነው። እንጨት በተመናመነበት ደጋ ዋናው ማገዶ ኩበት ነው፤ ኩበት አይንበለበልም፣ ቀስ ብሎ ይነዳል፣ ረመጡም ይቆያል። እንጀራ ተጋግሮ ሲያበቃ የቀረው ፍም አይባክንም። ማታም እሳቱ በአመድ ይዳፈንና እስከ ንጋት ይቆያል። ሸክላው ድስት ሙቀቱን ቶሎ አይቀበልም፤ አንዴ ከተቀበለ ግን ቶሎ አይሰጥም። ሽንኩርቱ መጀመሪያ ያለ ቅቤ ይቁላላል፤ በርበሬው ይገባና ይበስላል፤ ቅቤው ይከተላል፤ ሥጋው ይጨመራል፤ መከለሻው መጨረሻ ላይ ነው። ከዚያ ክዳኑ ይገጠምና ድስቱ ለረመጡ ይተዋል።

ይህ የሚጎላው በፋሲካ ነው። 55 ቀን የጾመ ቤት በቅዳሜ ሹር ድስቱን ይጥዳል፤ ከዚያ ሰው ነጠላውን ለብሶ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል። ቅዳሴው ተፈጽሞ ዶሮ ሲጮኽ ወደ ቤት ሲመለስ ወጡ በተዳፈነው እሳት ላይ ሙቀቱን እንደያዘ ይጠብቀዋል። ይህን ሥዕል ያዙልኝ፤ ከሩቅ አገር ዘመድ አለው።

በሊቱዌንያዋ ቪልና ከተማ የነበሩ አይሁድ በሰንበት እሳት ማንደድ ስለተከለከሉ፣ ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ ባቄላና ሥጋ የያዘ ማሰሯቸውን ወደ ዳቦ ጋጋሪው ምድጃ ይወስዱ ነበር። እየቀዘቀዘ በሚሄደው ምድጃ ውስጥ ሌሊቱን ሲበስል ያድራል፤ ቾለንት ይሉታል። ከዚያ የመጣች እናት ይህን ለአሜሪካ ለተወለደው ልጇ ለኢርቪንግ ናክሰን አጫወተችው። እሱም ማሰሮውን በኤሌክትሪክ ከበበውና በ1940 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት አገኘበት። በ1970 ራይቫል የተባለ ኩባንያ ገዛው፤ በ1971 «ክሮክ ፖት» ብሎ ለገበያ አወጣው። ዛሬ ስሎው ኩከር የምንለው ይህ ነው። የጎንደር ቤተ እስራኤላውያን ሕጉን የበለጠ አጥብቀው ሰንበት ሳይገባ እሳቱን ፈጽሞ ያጠፉ፣ ምግቡንም ቀዝቃዛውን ይበሉ ነበር። አንዱ ሰንበትን፣ አንዱ ትንሣኤን ይጠብቃል፤ ድስቱ ግን ሁለቱንም ያገለግላል። ፈጠራው የመጣው ከመሐንዲስ ሥዕል ሳይሆን ከእናት ወሬ መሆኑን ልብ ይሏል። የኛዎቹም እናቶች ያወሩ ነበር። የጎደለው ሰሚ ነው።

ዛሬ በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ማታ ሽንኩርታቸውን በዚህ ድስት ጨምረው ተኝተው፣ ጠዋት ለዶሮ ወጥ የደረሰ ቁሌት ያገኛሉ። በአዲስ አበባም መሣሪያው ገብቷል። ሥራውን ለሚሞክር አንባቢ ከጓዳው ዕውቀት የሚቀዳ ምክር አለ። ጭቅና አይግቡበት፤ ገንዘብም ሥጋም ማባከን ነው። ባለ ሥጋውን ዳቢት፣ ፍሪንባ፣ አንገት ወይም ቅልጥም ይጠይቁት። በርበሬውና ሽንኩርቱ አስቀድሞ በምድጃ ይቁላላ፤ ክዳኑ እንፋሎት ስለማያስወጣ ውኃ ይቀንሱ። በዝቅተኛው ሙቀት ስምንት ሰዓት ያህል ይተዉት፤ ክዳኑን እየከፈቱ አይዩት። ቅቤውና መከለሻው መጨረሻ ላይ ይግባ። መሣሪያው የሌለው ሰውም አልጎደለበትም፤ ወፍራም ድስትና ሦስት አራት ሰዓት ይበቃዋል።

በታች ጋይንት ቤተ ልሔም የሚባል ገዳም አለ፤ የድጓ ምስክር ቤት ነው። ቤተ ልሔም በዕብራይስጥ የእንጀራ ቤት፣ በዐረብኛ የሥጋ ቤት ማለት ነው ይባላል። ተማሪዎች ከየአገሩ ወጥተው፣ ቁራሽ ለምነው፣ ያንን የዜማ ባሕር ዓመታት ፈጅተው ይማራሉ። ዜማው በምልክት ስለተጻፈና መምህር ስላለው አልጠፋም። ያችን ቁራሽ የሰጠችው ባልቴት ዕውቀት ግን ምልክት አልወጣለትም። ከእናት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረው በእጅ ነበር። ልጂቱ ከተማ ገብታ ሽንጥ ብቻ መግዛት ስትጀምር ሰንሰለቱ ይበጠሳል።

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥ» ይላል ተረታችን። እኛ ይህን የምንጠቅሰው መንግሥት በተለወጠ ቁጥር ነው። ምሳሌው ግን መጀመሪያ የተነገረው ስለ ድስት መሆኑን አንርሳ። ኩበት በኤሌክትሪክ፣ ሸክላ በብረት ሊለወጥ ይችላል። ወጡን የሚያጣፍጠው ከሥሩ ያለው ድንጋይ አይደለም፤ የትኛው ብልት ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈልግ የሚያውቅ ሰው ነው። እናቶቻችን ሳያልፉ ወረቀትና እርሳስ ይዘን ጓዳ ብንገባ፣ የቢላዋው ታሪክ ያጣውን እኩሌታ እናገኘዋለን።